ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው አለኝ፤ ለሳይክሌ የትኛውን ዕቃ ላዝዝ?

የጣናው (ባሕር ዳር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሳይክሌ 26 ኢንች ማውንቴን ነው። ቴላዮው (ዋናው አካሉ) ብረት ነው። ስሙ ስለተፋቀ የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ከፊት 3፣ ከኋላ 7፣ በድምሩ ባለ 21 ማርሽ። የገዛሁት ከአንድ የሰፈር ልጅ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛው። በአዘቦት ቀን ሥራ የምመላለሰው በእሱ ነው። እሑድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሐሙሲት እንነዳለን፣ ወይም ቤዛዊትን እንወጣለን።

ችግሩ ብዙ ነው። ካቴናው ስላረጀ አዲስ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ ጥርሶች ላይ ሆኜ ቆሜ ስረግጥ ጧ እያለ ይዘላል። አሮጌው እንኳን እንዲህ አድርጎ አያውቅም! የኋላው አክሰል ደግሞ ይጣመማል። አስቀየርኩት፣ አዲሱም ተጣመመ። ክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ይዤ ወደ ጎን ሳወዛውዘው መሃሉ ይላወሳል። ኮርቻውም ስነዳ ቀስ እያለ ይወርዳል። የኮርቻው ቱቦ ላይ 25.4 የሚል ተጽፏል፤ ሳይክል ሠሪው የቢራ ቆርቆሮ ጠቅልሎበት ነው ያስገባው።

አሁን አክስቴ ከቨርጂኒያ ለፋሲካ ትመጣለች። «የምትፈልገውን ጻፍልኝ፣ እኔ እንደሆነ ከሳይክል የማውቀው ደወሉን ነው» አለችኝ። እስከ 150 ዶላር ድረስ ታወጣልኛለች። የኔ ሐሳብ ኋላውን ባለ 9 አድርጌ 27 ማርሽ እንዲኖረው ነው። ግን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ ዕቃ ከዚያኛው ጋር አይሄድም፣ ያኛው ከዚህ ጋር አይሄድም። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከመጣ በኋላ ደግሞ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ምን ብዬ ልጻፍላት?


እግረኛው፦

ሽጠውና ባጃጅ ተሳፈር።


ባለሞርሳው (ባሕር ዳር)፦

ልጄ፣ ለአክስትህ ከመጻፍህ በፊት አንዳንድ ነገር እናጥራ።

ካቴናው የሚዘለው አዲስ ስለሆነ ነው። አሮጌው ካቴናና ጥርሱ አብረው አርጅተው ተላምደው ነበር። የአዲሱ ካቴና ፒኖች ርቀት ልክ 12.7 ሚሊ ነው። ጥርሱ ግን በአሮጌው ካቴና ልክ ተበልቷል። ስለዚህ ኃይል ስትሰጠው ካቴናው በደንብ አይቀመጥም፤ ይወጣና ይዘላል። ትንንሾቹ ላይ የሚብሰው ጭነቱን ሁሉ የሚሸከሙት ጥቂት ጥርሶች ስለሆኑ ነው።

ለወደፊቱ ካቴናህን በማስመሪያ ለካ። አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ ቁራጭ እንደ አንድ ጥንድ ቁጠርና 12 ጥንድ ያዝ። ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ነው። 306.5 አካባቢ ሲደርስ ካቴናውን ብቻ ቀይር፣ ጥርሱ ይተርፋል። 308 ከደረሰ ግን ጥርሱንም ይዞት ሄዷል። ብዙ ሰው እስኪበጠስ ይጠብቃል፣ ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ «አዲሱ ካቴና ፎርጂድ ነው» ይለኛል።

ደግሞ የገዛኸው ካቴና የትኛው ነው? ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። ማርሽ ለሌላቸው ለትልልቆቹ የቻይናና የህንድ ሳይክሎች የሚሆነው ሰፊ ነው፤ የውስጡ ክፍተት 3.3 ሚሊ ገደማ ነው። ለባለ ማርሽ የሚሆነው 2.4 ነው። ከተጠራጠርክ ለክተህ ንገረን።

መሃሉ ስለሚላወሰው። የድሮ ዓይነት ከሆነ ውስጡ ኮንና ኳስ ነው። ኳሱ 1/4 ኢንች ነው፣ ብዙ ጊዜ በየጎኑ 11 ይገባል። ኩሽኔታ የሚሸጡ ሰዎች ጋ በፍሬ ታገኘዋለህ። ኮኑ ካልተቦረቦረ ኳስና ግራሶ ብቻ ቀይረህ ትገላገላለህ። ስትፈታ ግን ተጠንቀቅ፦ በካቴናው በኩል ያለው ፊሌቶ (የብሎን ጥምዝ) ግራ ነው። የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቅ በቱቦ አስረዝሞ እየታገለ ቁልፉን የሚሰብር ሰው አለ።

የኮርቻውን ነገር ቶርኖ ቤት ቀለበት ማስወጣት ይቻላል። ቆርቆሮውን ግን ዛሬውኑ አውጣው፤ ቱቦውን ይቆርጠዋል።

አክሰሉን በተመለከተ ሞዞህ (አክሰሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ምን ዓይነት እንደሆነ ሳላውቅ አልናገርም። እንዲህ እየው። የኋላውን ጎማ አውጣና የጥርሱን መሃል ተመልከት። ቁልፍ የሚገባበት የተፈለፈለ ቦታ አለ። ጥርሶቹን በእጅህ ወደ ኋላ አዙር። የተፈለፈለው ቦታ አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። ጥርሶቹ ዞረው እሱ ዝም ብሎ ከቆመ ፍሪዊል ነው።

ባሕር ዳር እኮ እንደ እጅ መዳፍ ሜዳ ናት። 27 ማርሽ የት ልትወጣበት ነው?


የዱክ ስትሪቷ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦

ሰላም። እኔ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ሳይክል ጠግኖ የሚሰጥ ቡድን ጋ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። አገር ቤት ለሚሄድ ሰው «ይቺን አድርሺልኝ» ተብለው የሚገዙ የሳይክል ዕቃዎች ሲሳሳቱ ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝርልህ።

አክሰልህ ለምን እንደሚጣመም ልገምት፦ ሞዞህ ፍሪዊል ነው፣ የቴላዮው የኋላ ስፋት ደግሞ 135 ሚሊ ነው። ፍሪዊል ማለት ጥርሱና ወደ ኋላ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚለው ክፍል አንድ ላይ ሆነው ሞዞው ላይ በፊሌቶ የሚጠብቁበት ነው። ችግሩ ኳሱ ያለበት ቦታ ላይ ነው። የቀኝ ጎኑ ኳስ የሚቀመጠው ከፍሪዊሉ በስተውስጥ ነው። ከዚያ እስከ ቴላዮው ድረስ አክሰሉ ምንም ሳይደግፈው ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ጉድጓድ ስትመታ የሚጣመመው እዚያ ላይ ነው። የተሻለ አክሰል ብትገዛ ዕድሜው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ችግሩ አይጠፋም። በካሴት ሞዞ ግን ቀጭ ቀጭ የሚለው ክፍል የሞዞው አካል ነው፤ የቀኙ ኳስም ወደ ቴላዮው ጫፍ ይጠጋል። ስለዚህ በተመሳሳይ ጉድጓድ ላይ አክሰሉ ብዙም አይጎዳም። ለአንተ የሚጠቅመው ትልቁ ማሻሻያ ይሄ ነው። የማርሹ ብዛት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ባለ 9 ሐሳብህ። ተወው። ባለ 8 አድርገው።

ምክንያቴ ካቴናው ነው። ባለ 6፣ ባለ 7 እና ባለ 8 የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ካቴና ነው፤ ውጪው ወደ 7.1 ሚሊ ይሰፋል። ባለ 9 የሚፈልገው ቀጭኑን፣ 6.6 ገደማ የሆነውን ነው። ካቴና ደግሞ እንደ ከመነዳሪ ነው፣ ማለቁ አይቀርም። ባለ 9 ካደረግኸው ባለቀ ቁጥር ከውጭ የሚመጣ ሰው ስትጠብቅ ልትኖር ነው። ባለ 8 ከሆነ ግን ከሰፈርህ ሱቅ የምትገዛው ለባለ 7 የሚሸጠው ካቴና ይሠራልሃል። ሰው ዕቃና ዕቃ መግጠሙን ብቻ ያያል። አጠገብህ ካለው ሱቅ ጋር መግጠሙንም እይ።

ጥቅሙን ታጣለህ እንዳትል፣ ባለ 8 ካሴት ከ11 እስከ 32 ጥርስ ያለው አለ። የአንተ ምናልባት ከ14 እስከ 28 ነው። ቤዛዊትን ለመውጣት ቀላል፣ ለሐሙሲት መንገድ ደግሞ ፈጣን ማርሽ ታገኛለህ። ጋሼ፣ ሜዳ ናት ያሉት እውነት ነው፤ የጣና ነፋስ ግን ከፊት ሲመጣ ዳገት ነው!

እጀታው፣ የኋላው ማርሽ ቀያሪና ጥርሱ ሦስቱም መናበብ አለባቸው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በቁጥር ላስረዳ። የሺማኖ (የሳይክል ዕቃ ሠሪ ነው) ባለ 8 እጀታ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል 2.8 ሚሊ ካቦ (የማርሹን ገመድ) ይስባል። ማርሽ ቀያሪው ያቺን 1.7 ጊዜ አብዝቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ውጤቱ ወደ 4.8 ይመጣል፤ በባለ 8 ካሴት በአንዱ ጥርስና በሌላው መሃል ያለው ርቀት ያው ነው። ባለ 7 ላይ ርቀቱ 5 ሚሊ ነው፣ ባለ 9 ላይ 4.35። ስለዚህ ባለ 7 እጀታህን ይዘህ ባለ 8 ካሴት ብታስገባ፣ አንደኛው ማርሽ ላይ ልክ ቢሆን ሦስተኛው ላይ ሲንኳኳ ትሰማዋለህ። እጀታው የግድ ይቀየራል።

ደስ የሚለው ነገር የሺማኖ የኋላ ማርሽ ቀያሪዎች ለባለ 7፣ ባለ 8 እና ባለ 9 ያቺኑ 1.7 ይጠቀማሉ። እርስ በርስ ይሠራሉ። የማይሠራው የማውንቴን ባለ 10 ሺማኖ ነው፤ እሱ የሚያበዛው በ1.2 ነው። «ስራም» የሚባለው ሌላ ሠሪ የማውንቴን ማርሽ ቀያሪም ከሺማኖ እጀታ ጋር አይሄድም። ርካሽ አገኘሁ ብላ አክስትህ እነዚህን እንዳታመጣ።

ከመታዘዙ በፊት እነዚህን ለክተህ ጻፍልን። የኋላ ጎማህ የሚገባበት የቴላዮ ስፋት ከውስጥ ወደ ውስጥ ስንት ነው? የቸርኬው ሽቦ ስንት ነው፣ 32 ወይስ 36? የፊት ትልቁና ትንሹ ጥርስ ስንት ስንት ናቸው? የኋላው ማርሽ ቀያሪ ቴላዮው ላይ ራሱ በብሎን ታስሯል ወይስ በቆርቆሮ መስቀያ ሆኖ ከአክሰሉ ጋር ነው የታሰረው? የቀኙ የማርሽ እጀታና የፍሬን እጀታው የተለያዩ ናቸው ወይስ አንድ ላይ የተሠሩ? የኮርቻ ቱቦው የሚገባበትን የቴላዮ አፍ የውስጥ ስፋት ደግሞ በካሊፐር ለካ እንጂ በማስመሪያ እንዳትሞክረው፤ የኮርቻ ቱቦ በ0.2 ሚሊ ልዩነት ነው የሚሸጠው። ስትለካ የተሰነጠቀውን ጎን ራቅ በል፤ እዚያ ጋ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል።


ፒያሳ 70 (አዲስ አበባ)፦

አንድ ነገር ልጨምር። የፔዳሉን መሃል ከመግዛትህ በፊት ቱቦው ስንት እንደሚሰፋ ለካ።

እኔ የአባቴ የጣሊያን ኮርሳ (የውድድር ሳይክል) አለኝ፤ በእሱ ምክንያት ነው ይህን የማውቀው። አብዛኛው ሳይክል፣ የቻይና ማውንቴኖችም ጭምር፣ እንግሊዝኛ የሚባለውን ፊሌቶ ነው የሚጠቀሙት፦ ቱቦው 68 ሚሊ ይሰፋል (አንዳንድ ማውንቴን 73 ነው)፣ ፊሌቶው 1.37 ኢንች ነው፣ ቀኙ ግራ ፊሌቶ ነው። የጣሊያኑ 70 ሚሊ ይሰፋል፣ ፊሌቶው 36 ሚሊ ነው፣ ሁለቱም ጎን ቀኝ ፊሌቶ ነው። 1.37 ኢንች 34.8 ሚሊ ስለሆነ የእንግሊዙን ጽዋ (ኳሱን የሚይዘውን፣ ቱቦው ላይ የሚጠብቀውን ክፍል) የጣሊያኑ ውስጥ ብታስገባው ሳይነክስ ዝም ብሎ ይገባል። ሠሪ ቤት ሄጄ «ይኸው ገባ!» ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። የጣሊያኑ ደግሞ ቀኝ ጎኑ በመርገጥ ብዛት ራሱ የመፈታት ዐመል አለው።

ጎማም ስትገዛ 26 የሚለውን ብቻ አትመን። 26 በ1.95 የተጻፈበት ለ559 ሚሊ ቸርኬ ነው። 26 በ1 3/8 የተጻፈበት ደግሞ ለ590 ሚሊ ነው። ሁለቱም 26 ናቸው፣ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም። የጎማው ጎን ላይ በትንንሹ 50-559 ዓይነት ቁጥር ተጽፏል፤ የምታምነው እሱን ነው። የማርሽ አልባዎቹ ትልልቅ ሳይክሎች ጎማም 28 ይባላል፣ 635 ነው። የኔ ኮርሳ ጎማም አንዳንዱ ላይ 28 ይላል፣ 622 ነው። ሻጩ አይለካልህም፣ አንተ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ።


የጣናው፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎንም በተለይ አመሰግናለሁ። ካሊፐር ከአንድ ቶርኖ ቤት ተውሼ ሁሉንም ለካሁ።

ሞዞው ፍሪዊል ነው። ጥርሶቹ ሲዞሩ መሃሉ ዝም ብሎ ቆመ። የቴላዮው ስፋት 135 ሆነ፣ እንደተገመተው። ሽቦው 36 ነው። ካቴናው የውስጥ ክፍተቱ 2.4 ነው፣ ትክክለኛው ነው። የፊቱ 48፣ 38 እና 28 ጥርስ ነው። የኋላው ከ14 እስከ 28። የፔዳሉ መሃል ቱቦ 68 ነው። ከፈትኩት፤ ኮኑ ደህና ነው፣ ኳሶቹ ግን አንዳንዶቹ ተፈነካክተዋል። ኳስና ግራሶ ገዝቼ ገጥሜዋለሁ፣ አሁን አይላወስም።

ማርሽ ቀያሪው ሺማኖ ነው፣ አጭሩ ዓይነት። የታሰረው በቆርቆሮ መስቀያው ከአክሰሉ ጋር ነው። ግን ቴላዮው ራሱ ላይ ፊሌቶ ያለው ቀዳዳ አለ፤ በካሊፐር 9 ሚሊ ገደማ ሆነ። ማርሽ እጀታውና ፍሬኑ የተለያዩ ናቸው። የኮርቻው ቴላዮ ውስጡ 26.9 ነው።

እህቴ፣ ባለ 8ቱን ተቀብያለሁ። ግን አክስቴ ሙሉ የተሠራ የኋላ ቸርኬ ትግዛልኝ ወይስ ሞዞ ብቻ? ቸርኬ ሻንጣ ውስጥ ይገባል?


የዱክ ስትሪቷ፦

ጥሩ ለክተሃል።

ቴላዮው ላይ ያለው ቀዳዳ 10 ሚሊ ብሎን የሚገባበት ነው። ፊሌቶው ስላለ ከውስጥ ስትለካው 9 ይመጣል። ስለዚህ ቀጥታ በብሎን የሚታሰር ማርሽ ቀያሪ ትችላለህ፣ መስቀያው ያለበት አያስፈልግህም። መግዛትህ ግን የግድ ነው። ሒሳቡን እየው፦ ከፊት ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ፣ 48 ሲቀነስ 28፣ 20 ይሆናል። ከኋላ 32 ሲቀነስ 11፣ 21። ድምሩ 41 ነው። ማርሽ ቀያሪው ቢያንስ የ41 ጥርስ ልቅ ካቴና መሰብሰብ አለበት። ያሁኑ አጭሩ 34 አካባቢ ቢሆን ነው። ረጅም ክንድ ያለው፣ አቅሙ 43 የሚል፣ ትልቁ ጥርስ 32 ወይም 34 ድረስ የሚችል ይፈለግ።

ቸርኬውን በተመለከተ እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ። ጎማ ሳይኖረው የ26 ቸርኬ ወደ 58 ሴንቲ ይሆናል። 60 በ60 በ15 የሆነ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሦስቱ ጎን ሲደመር 135 ሴንቲ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት ደግሞ እስከ 158 ነው። ግን እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጠርባታል። አክስትህ ለፋሲካ ስትመጣ ያን ያህል ቦታ ትሰጥሃለች?

የኮርቻው 26.9 ከሆነ የአንተ ቱቦ 26.8 ነው። ጋሼ ያሉት ቀለበት በሌላ ልኬት ጥሩ ነበር። እዚህ ላይ ግን በ25.4 እና በ26.8 መሃል ያለው ልዩነት በየጎኑ 0.7 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ቶርኖ ቤት ያን ያህል ቀጭን ቢያወጣውም ሲጠብቅ ይጨማደዳል። 26.8 የኮርቻ ቱቦ ርካሽ ነው፣ ትግዛልህ። ስታስገባው ቱቦው ላይ ያለው የመጨረሻ መስመር ከቴላዮው ውጭ እንዳይታይ።


ባለሞርሳው፦

ስለ ቀለበቱ ልክ ነሽ፣ በ0.7 አይሆንም።

በቸርኬው ግን አልስማማም። ሞዞ ብቻ ታምጣ። ሽቦ ማሰር እዚህ እንችላለን። ሌላው ምክንያቴ፣ ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣው ቸርኬ ብዙ ጊዜ 32 ሽቦ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ቸርኬ ደግሞ 36 ነው። ነገ ጉድጓድ ገብቶ ቸርኬው ቢሰበር 32 ቀዳዳ የት ይፈልጋል? አንቺ ራስሽ ካቴናው ላይ ያልሽው እዚህም ይሠራል። 36 ቀዳዳ ሞዞ ይምጣ፣ ቸርኬው ያሁኑ ይቆይ። አሉሚኒየም ነው አይደል? ብረት ከሆነ በዝናብ ፍሬን አይዝለትም፤ ያኔ እዚሁ አሉሚኒየም ይገዛል።


የጣናው፦

አሉሚኒየም ነው ጋሼ። አክስቴም ደውላ «ካርቶን የሚባል ነገር አልሸከምም» ብላለች።


የዱክ ስትሪቷ፦

እንግዲያው ጋሼ አሸንፈዋል። ለአክስትህ ይህን ገልብጠህ ላክላት፦

የኋላ ሞዞ፣ ለካሴት የሚሆን ሺማኖ ዓይነት፣ ለባለ 8፣ 9 እና 10፣ 36 ቀዳዳ፣ 135 ሚሊ፣ ለዲስክ ፍሬን ያልሆነ። ባለ 8 ካሴት ከ11 እስከ 32። የቀኝ እጅ ብቻ ባለ 8 የሺማኖ ማርሽ እጀታ፤ ግራው ባለ 3 ስለሆነ አይነካም። የሺማኖ የኋላ ማርሽ ቀያሪ፣ ለባለ 7 ወይም 8፣ ረጅም ክንድ። 26.8 የኮርቻ ቱቦ። አንድ የማርሽ ካቦና ሁለት ሜትር የማርሽ ካቦ ልባስ። ካሴት ማጥበቂያ ቁልፍ።

ከአሌክሳንድሪያ ቅርብ ከሆነች እኔ ራሴ አብሬያት ሱቅ መሄድ እችላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ በርበሬ ስትመለስ የምትይዝበት ቦታ አይሻማም።

ስለ ልባሱ አንድ ማስጠንቀቂያ። የማርሽ ልባስ ውስጡ ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ናቸው፣ የፍሬን ልባስ ደግሞ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ነው። የማርሹን ለፍሬን እንዳትጠቀምበት፤ በኃይል ስትይዝ ሊፈነዳና ፍሬን አልባ ሊያስቀርህ ይችላል።


ባለሞርሳው፦

ዕቃው ሲመጣ ሞዞውን መጀመሪያ ለእኔ አምጣው። ሽቦ አስቀድመህ እንዳትገዛ። የድሮው ሽቦህ አይሆንም፤ በካሴት ሞዞ የቀኙ ጎን ክንፍ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የቀኝ ሽቦ ከግራው አንድ ሁለት ሚሊ ያጥራል። ሞዞውንና ቸርኬውን ለክቼ ሁለቱንም ቁጥር ጽፌ እሰጥሃለሁ፣ በዚያ ትገዛለህ።

ፍሪዊሉን ለማውጣት አትታገል። የኔ ቁልፍ አለ፤ ሞርሳ ላይ አስሬው ቸርኬውን እንደ መኪና መሪ እናዞረዋለን። ካሴቱን ሲፈቱ ጥርሱን የሚይዝ መሣሪያ ደግሞ መግዛት አያስፈልግም። ከተጣለው አሮጌ ካቴናህ ቁራጭ ከላሜራ ጋር እሠራለታለሁ። አሮጌውን ካቴና እንዳትጥለው።

ካሴቱ እስኪመጣ ድረስ ያሁኑን አዲስ ካቴና አውጣና በዘይት ነክረህ አስቀምጠው፣ አሮጌውን መልሰህ ግጠም። የተበላው ጥርስ አዲሱን እንዳይጨርስብህ። ከፊት ያለውን 38 ጥርስም አይቼው እነግርሃለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምትነዳው በእሱ ስለሆነ እሱም ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከፋሲካ ማግስት ሱቅ ዝግ ነኝ፣ ረቡዕ ና።